የእናቴ አልጋ ፀሐይ ላይ የዋለ ዕለት

በዚያን ዕለት ጠዋት ወረታ ባለው ግቢያችን አምስት ሰዎች ነበርን። እናቴ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ቆማለች፤ ዱካ ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች። ባለቤቴ ከደብረ ታቦር ገና መግባቱ ስለነበር ከውጭው በር አላለፈም፤ ሻንጣውንም አላስቀመጠም። የመጨረሻዋ ልጄ በረንዳው ላይ የሹራቧን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ትጠብቃለች። በመንገዱ ዳር ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሣጥን ላይ ወጥታ ከአንገቷ በላይ ትታያለች። እኔ መሐል ላይ ነበርኩ። ከፊቴ የእናቴ የጠፍር አልጋ፣ ከጎኔ ከሰል ላይ የተጣደ ትልቅ ድስት ውሃ።

አልጋው ውስጥ አንዲት ትኋን ከተገኘች አልጋው ይቃጠላል፣ እናቴም ወደ መንደሯ ትመለሳለች። ይህን የወሰነችው ራሷ ናት። እኔ የምፈልገው ከእኔ ጋር እንድትቀር ብቻ ነበር።

አልጋውም እናቴም ወደ ወረታ የመጡት በዚያው ዓመት ከመስቀል በኋላ ነው። ክረምቱን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲፈስ ውሃው እናቴ ግቢ ገብቶ ነበር። ፎገራ ላይ ውሃ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሩዙም የሚወደው እሱን ነው። ያን ዓመት ግን ጎተራው ሥር ድረስ ገባ። እናቴ የምትኖረው ከሟች ወንድሜ ልጅና ከአዲሷ ሚስቱ ጋር ነበር። ውሃው ሲጎድል ሄጄ ከእኔ ጋር ትሁን አልኳቸው። እናቴ ብዙ አልተከራከረችም። የጠየቀችው አልጋው አብሯት እንዲመጣ ብቻ ነው። በጋሪ ጫንነው፤ እሷ ከጋሪ ነጂው ጎን ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ አልጋውን ይዤ። እግሮቹ ወደ ሰማይ ተሰቅለው ስለነበር መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ በሽተኛ የት እንዳደረስን ይጠይቀን ነበር።

አባቴ የሞተው በዚያ አልጋ ላይ ነው። እኔም ወንድሜም የተወለድነው እዚያው ነው።

ባለቤቴ ከሸዋ ለሥራ መጥቶ ወረታ የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ቤቱ እንዲጸዳለት ይወዳል። ክፉ ሰው አልነበረም። አልጋውን ሲያይ ዞር ዞር ብሎ ተመለከተውና የቆዳው ጠረን እንደማይለቅ ብቻ ነገረኝ። በእኛ አገር አማትና አማች ይተፋፈራሉ፤ እናቴ ደግሞ የድሮ ሰው ናት። እሱ ባለበት አትበላም። ቀና ብላ ፊቱን አታየውም። የምትለው ነገር ካላት በእኔ በኩል ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠን፣ “ለባለቤትሽ እራታቸው እንዳይቀዘቅዝ ንገሪልኝ” ትላለች። እሱም ከተቀመጠበት፣ “ለእናትሽ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው” ይላል። እኔ አልነግርም፤ ሁለቱም ሰምተዋል። ልጄ መሳቅ ሲያምራት ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

ያን በጋ ነው ዛሬ ዛሬ አብዝቼ የማስበው። ከሥራ ስመለስ በሩ ክፍት ሆኖ ማግኘቴን። እናቴ ጥላው በዞረበት እየዞረች ስትቀመጥ፣ ልጄ ራሷን ጭኗ ላይ ጥላ ፀጉሯን ስታስፈትሽ። ከተማ ውስጥ ለእናቴ አዲስ የሆነባት አንዱ ነገር በረሮ ነበር። መንደር ሳለች አይታ አታውቅም። ቀን ከጓዳ ተኝቶ ውሎ ማታ መብራት ሲጠፋ ወጥቶ የሚበላ መሆኑን ስታውቅ “የመንግሥት ሠራተኛ” ብላ ስም አወጣችለት። ባለቤቴ እንዳይሰማ ስሙን በሹክሹክታ ነው የምትጠራው። ልጄ በረሮ ባየች ቁጥር፣ “አያቴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ” እያለች መጥረጊያ ይዛ ትሮጥ ነበር።

ልጄ ጠዋት ጠዋት የተነከሰችበትን ለአያቷ ማሳየትም ለምዳ ነበር። እናቴ እጇን ወይም እግሯን ወደ ብርሃን ታዞረዋለች፤ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። ቁርጭምጭሚትና የቀሚስ መታጠቂያ ላይ ከሆነ፣ መሐሉም መርፌ የወጋው የሚመስል ቀይ ነጥብ ካለው ቁንጫ ነው። የቁንጫ መድኃኒቱ ያለው ወለሉ ላይ ነው፤ የጓዳችን ወለል አፈር ስለነበር በእበት ለቀለቀችው፣ ድመቷንም ከመኝታ አባረረቻት። አንገትና ብብት ላይ፣ የልብስ ስፌት በሚያርፍበት ከሆነ ቅማል ነው፤ እሱ ከሰው አይለይምና ልብሱን መቀቀል ነው። አንድ ብቻ ሆኖ ካበጠና እስከ ቀትር ከጠፋ ቢምቢ ነው። ስለ ቢምቢ ስታወራ አትቀልድም። የተሰጠንን አጎበር ማታ ማታ በልጄ አልጋ ዙሪያ ከፍራሹ ሥር የምትወትፈው እሷ ነበረች። ከዚያ በፊት እኛ እንደ ነገሩ ጣል እናደርገው ነበር እንጂ አንወትፈውም።

“ትኋን ግን እንደ በሬ ነው፤ በፈር ነው የሚሄድ” ትል ነበር። ሦስት አራት ሆኖ፣ ተከታትሎ፣ በአንድ መስመር።

ግንቦት ሲያልቅ ልጄ እንደ ልማዷ ክንዷን አሳየቻት። እኔ ቁርስ እያቀረብኩ ነበር። ከክርን በላይ የተደረደሩ ቀያይ እብጠቶች ነበሩ፤ ከትከሻዋ አጠገብ ሌላ መስመር። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጅጌውን ወደ ታች መለሰችላት።

“ፈር ነው” አለች።

 ከራሷ አልጋ የመጣ ነው ብላ እንደምታስብ ገባኝ፤ እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነበርና። የልጄ የሽቦ አልጋና የእናቴ የጠፍር አልጋ በአንድ ክፍል ጎንና ጎን ነበሩ። እናቴ አልተነከሰችም። ሆኖም ያረጀ ቆዳ ሲነከስም አያብጥም ይባላል። ሲመሽ ባለቤቴ የልጃችንን ክንድ አየ። በማግስቱ ለስብሰባ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድበት ቀን ነበር። ስብሰባ ያኔ ይበዛ ነበር፤ እሱም በየጊዜው እየሄደ አልጋ ቤት ያድር ነበር። ሻንጣውን እያዘጋጀ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስመለስ ያን የእናትሽን አልጋ እቤት ውስጥ እንዳላገኘው አለኝ። ስለ ሰው አልተናገረም፤ ስለ አልጋ ነው። ግን ክፍሎቻችንን የሚለያያቸው መጋረጃ ነበር።

እሱ በሄደ ማግስት እናቴ ጠራችኝ።

“አልጋውን ሰውየው ሲመለሱ እፊታቸው አውጥተን እንፈታዋለን” አለች። “አንዲት ከተገኘች ታቃጥይዋለሽ። እኔም ወደ ቤቴ።”

ሳናሳየው ቀድመን ብናጸዳው አልኳት። እሷ ግን ሰው ሳያይ የጸዳ ነገር ጸዳ አይባልም አለች። ደግሞም የሰው ቤት ትኋን ይዞ የገባ እንግዳ ስሙ ከትኋኑ ይበልጥ ይቆያል አለች። እንግዳ አለመሆኗን ልነግራት ፈልጌ ነበር። በቤታችን እንዲህ ያለው ነገር በቃል አይነገርም። ውሃ ላሞቅልሽ ብዬ ተነሣሁ።

እንግዲህ ባለቤቴ የተመለሰው በዚያ ጠዋት ነው። አልጋው ግቢ ወጥቶ ሲያገኘው ለእሱ ሲባል የወጣ መሆኑ ገባውና ከበሩ ቆመ። ከአልጋው ሥር ነጭ አንሶላ አነጠፍን፤ የሚወድቀው ሁሉ እንዲታይ። የጠፍር አልጋ ሲጸዳ ጠፍሩ ላይ የፈላ ውሃ አይፈስበትም፤ ቆዳው ይኮማተርና እንጨቱን ያጣምመዋል። ስለዚህ ጠፍሩን ከጫፉ ፈትቼ እየሳብኩ ከየቀዳዳው አወጣሁት። እናቴ እየተቀበለችኝ በድንጋይ ላይ እያገላበጠች በእንጨት ትመታዋለች። የፈላው ውሃ የሚፈሰው እንጨቱ በተጋጠመበትና ጠፍሩ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ነው፤ ትኋን የሚውለው እዚያ ነውና።

ጎረቤታችን ከአጥሩ ላይ ሆና ዳኛ ነኝ አለች። እሷ የሙስሊም ነጋዴ ልጅ፣ የነጋዴ ሚስት፣ ራሷም ነጋዴ ነበረች፤ አፏ ሥራ አይፈታም። “እማማ፣ ቀስ ብለው ይምቱት እንጂ፣ ሳይገርፉት ያምናል” ትላለች። እናቴ በነጠላዋ ውስጥ ስትስቅ ትከሻዋ ተነቃነቀ።

ከጠፍሩ አቧራ ወደቀ፤ ጭድ ወደቀ፤ የዶሮ ላባ። አንድ ጥቁር የኮት ቁልፍም ወደቀ። አባቴ እንደዚያ ያለ ቁልፍ ያለው ኮት ነበረው። እናቴ ጎንበስ ብላ አነሣችውና የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ጠፍሩን መምታቷን ቀጠለች።

በየቀዳዳው ውሃ አፈሰስኩ። ትኋን ባለበት እንጨት ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቁር ነጥብ አይጠፋም፣ ነጭ እንቁላሉም በስንጥቁ ይታያል። ያየሁት ግን ንጹሕ እንጨት ነው። አራቱንም እግር ገልብጬ አየሁ። አንሶላው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። እናቴ ቀርባ ራሷ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ ተመለከተች። አላመነችም ነበር።

ባለቤቴ ያን ጊዜ ሻንጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። እጅጌው ሲሰበሰብ የእጁ አንጓ ላይ በመስመር የተደረደረ ቀይ እብጠት ታየ። እኔ አየሁት፤ እሱም አየው። ክንዷን ገልጣ ወደቆመችው ልጁ ቀና አለና መልሶ የራሱን እጅ ተመለከተ።

“ሻንጣዬን የት ነው የምታስቀምጡት?” አለ።

ልጄ፣ “ከእኔ አልጋ ሥር” ብላ መለሰች።

እሱም መጥቶ ሻንጣውን አንሶላው ላይ አስቀመጠና ከፈተው። ልብሱን አራግፎ አወጣ። የውስጡን ጨርቅ ገልብጦ ስፌቱን በጥፍሩ ከፈት ሲያደርገው ምስር የሚያካክሉ ቀያዮች ተከታትለው ወጡ። አንሶላው ላይ ወደ ጥላው ለመድረስ ይቸኩሉ ጀመር።

 ጎረቤታችን ከአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

“ተሰብሳቢዎቹ አብረው መጡ በሉኛ” አለች። “ምስኪን፣ አበል እንኳ ሳይከፈላቸው።”

ቀድሞ የሳቀው ባለቤቴ ነው። እኔም ልጄም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ወደ እናቴ ዞረና ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ ጠየቃት፤ በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ፣ “ለባለቤትሽ ምንም አላደረጉኝም በያቸው” አለች። መሐላቸው ያለው አልጋው ብቻ ነበር።

የቀረውን የፈላ ውሃ ሻንጣው ላይ አፈሰስነው። የልጄን ፍራሽ አውጥተን ፀሐይ ላይ ጣልነው፤ የሽቦውን አልጋ ጥግ ጥጉን በላምባ ጠረግነው፤ እግሮቹን ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቆምን፣ ከወለል የሚወጣ እንዳይኖር። ከሰዓት በኋላ እኔና እናቴ ጠፍሩን መልሰን ወጠርነው። እሷ ከአንድ ወገን ተረከዟን እንጨቱ ላይ ተክላ ትስባለች፣ እኔ ከሌላው እቋጥራለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ እንደዚሁ ሲስብ እሷ ነበረች የምትቋጥረው። ያ አልጋ ከዚያ ወዲህ አልተፈታም። ዛሬም የምተኛው በእሱ ላይ ነው፤ ይህንም የምጽፈው ጠርዙ ላይ ተቀምጬ ነው። እሷ የወጠረችው ወገን አሁንም ከእኔው ወገን ይጠብቃል።

ያን ቀን ጠፍሩን እየቋጠርኩ ስለ መጪው ክረምት ማሰብ ጀምሬ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አብረን ቤት ስንውል። ለእንቁጣጣሽ ቀሚስ ላሰፋላት። ከዚያ በኋላ በሰው ፊት ቀና ብላ እንደምትቀመጥ፣ ምናልባትም ከባለቤቴ ጋር ከአንድ መሶብ እንደምትበላ። የመጨረሻውን ቋጠሮ ስጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች።

“ነገ ጋሪ ፈልጊልኝ” አለች።

ሌላ ምን ቀረ ብዬ ጠየቅኋት። ትኋኑ የሷ አልነበረም፣ ሰውየውም ይቅርታ ጠይቋል።

“ለትኋኑ አይደለም” አለች። “የወባ መድኃኒት ነፊዎች ሰኔ ሳይጋመስ መንደር ይገባሉ። ገበያ የመጣች ሴት ነግራኛለች።”

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ አልገባኝም ለማለት ግን ፈለግሁ። በእኛ አገር ነፊዎቹ ሲመጡ ዕቃ ሁሉ ከቤት ይወጣል፤ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ነፍተውት ይሄዳሉ። የሚሸት ነጭ ነገር ግድግዳው ላይ ይቀራል። ቢምቢዋ እዚያ ስታርፍ ትሞታለች። ትኋን ግን አይሞትም፤ ያብዳል እንጂ። ከየስንጥቁ ወጥቶ በቀን ብርሃን ይሄዳል። ስለዚህ ሰው መድኃኒቱ ትኋን ፈለፈለ ይላል። ሽታውም አለ፣ እንቁጣጣሽም ይደርሳል፣ በዓል ደግሞ ባልተለሰነ ግድግዳ አይዋልም። ንጹሕ የተባለች ሴት ሁሉ ጭቃና እበት ለውሳ ግድግዳውን ትለስነዋለች። ቤቱ ያምራል። መድኃኒቱ ከጭቃው ሥር ይቀራል።

የወንድሜ ልጅ ሚስት ንጹሕ ሴት ነበረች። ነፍሰ ጡርም ነበረች።

መልእክት እልካለሁ አልኳት እናቴን። በሚቀጥለው ገበያ የወንድሜን ልጅ አግኝቼ እነግረዋለሁ አልኳት። ሚስቱ ግድግዳውን እንዳትነካ እኔ ራሴ ሄጄ አስጠነቅቃታለሁ አልኳት። እናቴ የነጠላዋን ቋጠሮ በጣቶቿ ይዛ ነበር።

“ለእኔም ነግረውኝ ነበር” አለች። “ነፊው በደንብ ነው የነገረኝ፤ አትንኪው ብሎኛል። ያንች አማቶች ለመስቀል ከሸዋ ሊመጡ ነው ብዬ ለሰንኩት። አባትሽ በጥቅምት ነው የታመመ።”

ይህን ከዚያ በፊት ተናግራው አታውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ያን መስቀል ግድግዳው ምን ያህል አምሮ እንደነበር፣ አማቶቼም ከገቡ ጀምሮ እንዴት እንዳደነቁት አስታወስኩ።

“ሰው ተነግሮት አይሰማም” አለች። “ግድግዳው ሥር ሰው ሲቀመጥበት ነው የማይለስን። ሄጄ ልቀመጥ።”

ለክረምቱ ብቻ ይሁን፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ተመለሺ አልኳት። የልጁ ሚስት መውለዷ ነው፣ ከዚያም በየዓመቱ ይነፋል አለች። የፈለግሁትን ያህል ባልለምናትም ከልማዴ በላይ ለመንኳት። እሷ አንድ ጊዜ እጄን ይዛ ለቀቀችው።

አልጋውስ አልኩ። ቢያንስ እሱ ካልሄደ ትመለስ ይሆናል ብዬ ሳይሆን አይቀርም የጠየቅሁት።

“ይቆይ” አለች። “አሁን ጸድቷል። እዚያ ሲነፋ የግድግዳው ትኋን ሁሉ የሚገባበት እንጨት ይፈልጋል። እኔ መደብ ላይ እተኛለሁ። ልጅሽ ትተኛበት።”

በማግስቱ ጠዋት ጋሪው ከውጭው በር ቆመ። ሌሊቱን ትንሽ ዘንቦ ስለነበር ነጂው ሜዳው ሳይጨቀይ እንድረስ እያለ ይቸኩል ነበር። ጎረቤታችን ለመንገድ ብላ ስኳርና ሳሙና በፌስታል ይዛ መጣች። ሳሙናው ለሰው ነው፣ ለተሰብሳቢ አይደለም አለቻት። እናቴ መረቀቻት። ልጄ ባጃጅ ወረታ ገብቶ ሳለ አያቴ ለምን በጋሪ ትሄዳለች ብላ ታለቅስ ነበር፤ ያለቀሰችበት ምክንያት ባጃጁ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤቴ ቢሮ አልሄደም። ጓዟን ራሱ ተሸክሞ ጋሪው ላይ ጫነላት፤ እንድትወጣም ክንዱን ሰጣት። እሷም ያዘችው።

ከተቀመጠች በኋላ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች። ቀና ብላ አየችው። በእኔ በኩል አልነበረም።

“አጎበሩን ማታ ማታ ለልጅቱ ይወትፉላት” አለችው።

“እሺ እናቴ፣ እወትፍላታለሁ” አላት።

ወደ እኔ ዞራ የነጠላዋን ቋጠሮ ዳሰስ አደረገች፤ የኮቱ ቁልፍ እንዳለች ለማረጋገጥ ነው። ነጂው ፈረሱን ነካ አደረገው። ጋሪው ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሜዳው በሚወስደው የአፈር መንገድ ገባ፤ እናቴም ሄደች።